የራሳቸውን ድምፅ የጣሉት ራፐሮች

ራፕ ውስጥ የሚሰረቀው ግጥም ብቻ አይደለም፤ አተነፋፈስም ይሰረቃል።

በ1992 (እ.ኤ.አ.) ዳስ ኢፌክስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች «ዴድ ሲሪየስ» የተሰኘ የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። ቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተገናኙ ተማሪዎች ነበሩ። ጉድ ያሰኘው አባባላቸው ነው። በ«በ» የሚጀምር ቃል ሊሉ ሲሉ መጀመሪያ «ቢገዲ» ይላሉ፣ በ«መ» ከሆነ «ሚገዲ»። ትርጉም የለውም፤ ግን ምቱ ላይ ቃሉን ያነጥረዋል።

ወዲያው ፋሽን ሆነ። አይስ ኩብ በዚያው ዓመት «ቼክ ዮ ሴልፍ» ላይ ራሳቸውን ጋብዞ አብረውት ሠሩ (ይሄ እንኳን የጨዋ ደንብ ነው)። ሌላው ግን ሳይጠይቅ ወሰደ።

በ1993 ሁለተኛው አልበማቸው ሲወጣ «ኢገዲ»ዋን በአብዛኛው ትተዋታል። አገሩ ሁሉ ስለደጋገማት፣ ባለቤቶቹ ቢሏት ኮራጅ ሊመስሉ ሆነ! አልበሙም የመጀመሪያውን ያህል አልተሸጠም።

በእኔ እምነት ተሳስተዋል። ራኪም በ1987 «ፔይድ ኢን ፉል» ላይ፣ በረጋ ድምፅ፣ ስንኙ መሃል ቤት እየመታ ሲመጣ ትውልድ ሙሉ ቀዳው። እሱ ግን በ1988ም በ1990ም በዚያው ድምፁ ቀጠለ፤ ሰሚውም ማን ከማን እንደቀዳ አልጠፋውም።