የ98 በመቶው አጥር፦ የወጣቶች ልብ ወለድና የእንግሊዝኛ ቃላት ትምህርት

ልብ ወለድ ማንበብ የቃላት ሀብትን እንደሚያዳብር የሚጠራጠር የቋንቋ መምህር ማግኘት ያስቸግራል። ክርክሩ የሚነሣው «የትኛው ልብ ወለድ?» ሲባል ነው። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለሚማር ሰው፣ የቋንቋው ተወላጅ ለሆኑ ወጣቶች የተጻፈ ልብ ወለድ ይስማማዋል ወይስ አይስማማውም? ስቱዋርት ዌብና ጆን ማካሊስተር በ2013 (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) «ቴሶል ኳርተርሊ» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ወደ አሉታ ያዘነብላል። በቀጥታ የሚናገረው ለሕፃናት ስለተጻፈ ጽሑፍ ነው። ሆኖም «ለሕፃናት የተጻፈው ይህን ያህል ከከበደ፣ ለወጣቶች የተጻፈውማ እንዴት ይሆን?» የሚለው ድምዳሜ ሳይጠሩት ይመጣል። ይህ ድምዳሜ ከቀረበው ማስረጃ እንደማይወጣ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ቀደም ያሉትን ጥናቶች በዝርዝር መተረክ አያስፈልግም፤ ከእነሱ ጋር ጠብ የለኝም። ሳራጊ፣ ኔሽንና ማይስተር በ1978 ባሳተሙት ሙከራ የአንተኒ በርጀስን «ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ» ያነበቡ የእንግሊዝኛ ተወላጆች፣ ደራሲው ከሩሲያኛ እየቀዳ የፈጠራቸውን ቃላት ማንም ሳያስተምራቸው ለምደዋል፤ ሳይዘጋጁ በተፈተኑባቸው 90 ቃላት በአማካይ 76 በመቶ አግኝተዋል። ኤሊና ማንጉባይ በ1983 የፊጂ የገጠር ትምህርት ቤቶችን በማራኪ መጻሕፍት ማጥለቅለቅ የልጆቹን እንግሊዝኛ እንዴት እንዳራመደው ጽፈዋል። ፔሊሰር-ሳንቼዝና ሽሚት በ2010 እንዳሳዩት ደግሞ የቺንዋ አቼቤን «ቲንግስ ፎል አፓርት» ያነበቡ ስፔናውያን ተማሪዎች ከ10 ጊዜ በላይ ያጋጠሟቸውን የኢግቦ ቃላት ትርጉም 84 በመቶ መለየት ችለዋል። ይህ ይበቃል።

ዌብና ማካሊስተር የተጠቀሙበት መለኪያ የቃላት ሽፋን ነው፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ከሚገኙት ቃላት አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቃቸው ስንት በመቶ ናቸው ብሎ ይጠይቃል። ቆጠራው በቃል ቤተሰብ ስለሆነ አንድ ግንድ ቃልና ከሱ የሚረቡት ሁሉ እንደ አንድ ይያዛሉ። ሽፋኑ 98 በመቶ ከደረሰ አንባቢው ያለ ረዳት ይገባዋል፣ ካነሰ ይቸገራል የሚል እምነት አለ። በዚህ ስሌት ለቋንቋ ተማሪዎች ተመጥነው የተጻፉት መጻሕፍት 3,000 የቃል ቤተሰብ ሲጠይቁ፣ ለሕፃናት የተጻፈው 10,000 ይጠይቃል፤ ለአዋቂዎች ከተጻፈውም እምብዛም አይለይም። 10,000 የቃል ቤተሰብ ለያዘ ተማሪ ደግሞ የልጆች መጽሐፍ ምን ይፈይድለታል? ስሌቱ እንደ ስሌት እንከን የለውም።

ችግሩ በተቆጠረው ነገር ላይ ነው። የሕፃናት ጽሑፍ ተብሎ የተወሰደው በኒውዚላንድ ከ1907 ጀምሮ ለትምህርት ቤቶች ሲታተም የኖረው «ስኩል ጆርናል» ነው። ይህ መጽሔት የብዙ ጸሐፊዎችን አጫጭር ታሪኮች፣ ግጥሞች፣ ተውኔቶችና ዕውቀት ሰጪ ጽሑፎች የሚያሰባስብ እንጂ ልብ ወለድ አይደለም። አጭር ጽሑፍ የራሱን ብርቅ ቃላት ይዞ ይመጣል፣ አንድ ሁለት ጊዜ ይጠቀምባቸዋል፣ ይዟቸውም ይሄዳል። ቀጣዩ ጽሑፍ በሌላ ጸሐፊ እጅ ስለ ሌላ ጉዳይ ሌሎች ብርቅ ቃላትን ያመጣል። እንዲህ ያሉ ጽሑፎች በመቶዎች ሲከመሩ የቃላቱ ዓይነት መብዛቱ አያስደንቅም። ከዚህ ክምር የወጣን ቁጥር አንድ ደራሲ፣ አንድ ሰፈርና ጥቂት ገጸ ባሕርያት ይዞ 200 ገጽ በሚዘልቅ ልብ ወለድ ላይ መጫን፣ የገበያ ውሎን ጫጫታ ቀድቶ የአንድ ቤተሰብ የራት ጨዋታ ነው እንደ ማለት ነው።

ወደ 98 በመቶው ልግባ። ይህ ቁጥር በቃላት ጥናት ውስጥ እንደ ሕግ ይጠቀሳል፤ ምንጩን ፈልጎ የሚያነበው ግን ጥቂት ሰው ይመስለኛል። ሁ እና ኔሽን በ2000 ባወጡት ጥናት 673 ቃላት ያሉትን አንድ አጭር ታሪክ ለተማሪዎች አስነብበዋል። አንዳንድ ቃላትን ትርጉም በሌላቸው የፈጠራ ቃላት እየተኩ አራት ቅጂ አዘጋጁ፤ ሽፋናቸው 80፣ 90፣ 95 እና 100 በመቶ ነበር። 98 በመቶ ሽፋን ያለውን ቅጂ ያነበበ አንድም ተማሪ የለም! ቁጥሩ የተገኘው በአራቱ ነጥቦች መካከል መስመር በመሳብ ነው። በ95 በመቶውም ቅጂ፣ በቁጥር ቢያንሱም፣ ታሪኩን በበቂ የተረዱ ተማሪዎች ነበሩ። ኔሽን በ2006 ልብ ወለዶችን ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል ሲል የተነሣው ከዚሁ ቁጥር ነው፤ ዌብና ማካሊስተርም በሱ ላይ ገንብተዋል። ሦስት ፎቅ በአንዲት የ673 ቃላት ታሪክ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ሽሚት፣ ጂያንግና ግሬብ በ2011 ከስምንት አገሮች በተውጣጡ 661 አንባቢዎች ላይ ጉዳዩን ዳግመኛ ሲፈትሹ፣ ከ90 እስከ 100 በመቶ ባለው መስክ ውስጥ መረዳት ከሽፋኑ ጋር ቀስ እያለ ሲወጣ አዩ እንጂ፣ ካለፉት በኋላ ሁሉ የሚገለጥበት ደፍ አላገኙም። እነሱም ቢሆኑ ለትምህርታዊ ጽሑፍ 98 በመቶ ተገቢ ግብ መሆኑን ተቀብለዋል። ይሁን፤ የትምህርታዊ ጽሑፍ ግብ ስለ ልብ ወለድ የሚነግረን ነገር የለም።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት ግን ሌላ ነው። የሽፋን ስሌት አንባቢውን በመጀመሪያው ገጽ ላይ አስቁሞ ይለካውና፣ በመጨረሻውም ገጽ ያው ሰው ነው ብሎ ያምናል። የሉዊስ ሳቸርን «ሆልስ» (1998) እንውሰድ፤ 47,000 ገደማ ቃላት ያሉት የወጣቶች ልብ ወለድ ነው። ስታንሊ የሚባል ልጅ ባልሠራው የጫማ ስርቆት ተከሶ ሐይቅ በሌለበት «ግሪን ሌክ» ወደሚባል የማረሚያ ሰፈር ይላካል። እዚያ እያንዳንዱ ልጅ በየቀኑ ጥልቀቱም ስፋቱም አምስት ጫማ የሆነ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ መለኪያው የያዘው አካፋ ቁመት ነው። «ሻቭል» አካፋ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ፣ ዕቃው ሲቆፍር፣ እጅ ሲልጥና ጉድጓድ ሲለካ ደጋግሞ ካየ በኋላ መዝገበ ቃላት ምን ያደርግለታል? «ካንቲን» ሲባል ሻይ ቤት የሚመስለው ልጅም፣ ልጆቹ ተሰልፈው ከመኪናው ውሃ ሲያስሞሉ ሲያይ ነገሩ የውሃ መያዣ መሆኑን ይረዳል። «ዋርደን» የሰፈሩ አዛዥ ናት፤ በስሟ ሳይሆን በዚሁ ማዕረግ ስለምትጠራ ቃሉ ብቅ ባለ ቁጥር ፍርሃቷ አብሮ ይመጣል።

ለምሳሌ ያህል እናስላ። አንባቢው ልብ ወለዱን ሲጀምር ሽፋኑ 95 በመቶ ነው እንበል። ከ47,000 ቃላት 2,350 ያህሉ የማያውቃቸው ናቸው። ከነዚህ ውስጥ 40 ቃላት እያንዳንዳቸው 25 ጊዜ ቢመላለሱ 1,000 ይሆናሉ። አንባቢው እነዚህን በአሥረኛው ግጥሚያ ለመዳቸው ካልን 600ዎቹ ከማይታወቁት ወደሚታወቁት ይዛወራሉ፤ የመጽሐፉ ሽፋን በንባቡ መካከል ከ96 በመቶ ያልፋል ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተቀመጡ ግምቶች ናቸው፤ አሠራሩ ግን ግምት አይደለም። ሆርስት፣ ኮብና ሚራ በ1998 በኦማን ያጠኗቸው 34 ተማሪዎች አንድ የተቃለለ ልብ ወለድ ሲያነቡ በአማካይ አምስት ያህል አዲስ ቃላት ብቻ ለምደዋል፤ ጥናቱ ለጥርጣሬ ማስረጃ ሆኖ ሲጠቀስ የሚዘለለው ግን፣ ከስምንት ጊዜ በላይ በተመላለሱት ቃላት ላይ ግኝቱ ከፍ ማለቱ ነው።

በዚህ ሙግት ውስጥ የተዘነጋ አንድ ምስክር አለ። ኪዩንግ-ሱክ ቾና ስቲቨን ክራሸን በ1994 በአሜሪካ የሚኖሩ አራት ስደተኛ ሴቶች «ስዊት ቫሊ» የተባሉትን ተከታታይ ልብ ወለዶች ሲያነቡ ተከታትለዋል። መጀመሪያ ለጉርምስና ዕድሜ የተጻፈው «ስዊት ቫሊ ሃይ» ተሰጣቸው፤ ከበዳቸው። ለታናናሾቹ የተጻፈው «ስዊት ቫሊ ትዊንስ»ም አልተመቻቸውም። በመጨረሻ 70 ገጽና 7,000 ገደማ ቃላት ወዳሉት ወደ «ስዊት ቫሊ ኪድስ» ወረዱ፤ እዚያ ላይ ንባቡ ያዛቸው። ያን ዝርዝር ስመለከት የማስተውለው የተመራማሪዎቹን ትሕትና ነው፤ ደረጃውን የለየላቸው የቃላት ሠንጠረዥ ሳይሆን የአንባቢዎቹ ምላሽ ነው። ተከታታዩ ጥቅም የሚሰጠውም ገጸ ባሕርያቱ፣ ሰፈሩና ጠቡ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ስለሚሻገሩ ነው። በአንደኛው ቅጽ ያልተያዘ ቃል በአራተኛው ይመለሳል። አራት ሰው ጥቂት ነው ይባል ይሆናል። ነው፤ ግን አራት ሰዎች ሙሉ መጻሕፍት ሲያነቡ ማየት፣ ማንም ያላነበበውን ቅጂ በመስመር ከመገመት ይሻላል።

ተቃውሞዎቹን በአጭሩ ላንሣ። ዋሪንግና ታካኪ በ2003 ጃፓናውያን ተማሪዎች ከአንድ የተመጠነ መጽሐፍ ከተፈተኑባቸው 25 ቃላት መካከል ከሦስት ወር በኋላ የአንዱን ትርጉም እንኳ በአማካይ እንዳላስታወሱ አሳይተዋል። እውነት ነው፤ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ተነቦ ሲያበቃ ቃላቱን መልሶ የሚያመጣ ነገር ካልተከተለ ይረሳሉ፤ የተከታታይ መጻሕፍት ጥቅም የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ቶም ኮብ በ2007 ነፃ ንባብ ብርቅ ቃላትን በበቂ አይደጋግምም ብሎ ነበር፤ ማክዊላንና ክራሸን በ2008 የንባቡን መጠን አሳንሶ እንደገመተ መልሰውለታል። ኔሽን ራሱ በ2014 ሲያሰላ፣ ሁለተኛውን ሺህ የቃል ቤተሰብ በአማካይ 12 ጊዜ ለማግኘት 171,000 ያህል ቃላት፣ ማለትም ሁለት ልብ ወለድ ያህል፣ እንደሚበቃ፣ ዘጠነኛው ሺህ ደግሞ 3 ሚሊዮን ገደማ እንደሚጠይቅ ጽፏል። አጥሩን ያቆመው ሰው በሩን የከፈተ ይመስላል። የባህል ልዩነት አንባቢውን ያርቀዋል ለሚለው ደግሞ «ሆልስ» ውስጥ ዜሮ የሚባለው ልጅ ማንበብ ለመማር ብሎ የስታንሊን ጉድጓድ ሲቆፍርለት አንብቦ የማይገባው የአዲስ አበባ ተማሪ ይቅረብ።

በእርግጥ ይህ መጣጥፍ የራሱን ሙከራ አላካሄደም፤ የወጣቶች ልብ ወለድም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከ2,000 የቃል ቤተሰብ በታች ለሚያውቅ ጀማሪ የተመጠነው መጽሐፍ ይሻላል የሚለውን አልነካም።

ጉዳዩ እኛን የሚመለከተው በትምህርት ሥርዓታችን ቅርጽ ምክንያት ነው። በ1994 (በእኛ 1986 ዓ.ም.) የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን የአንደኛ ደረጃ፣ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ አድርጓል። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ ያነበበው እንግሊዝኛ ግን ጥቂት ነው። የ98 በመቶን ሕግ የተቀበለ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ይህን ልጅ በተመጠኑ ቀጫጭን መጻሕፍት ላይ ያቆየዋል። ሕጉን የማያውቀው ደግሞ በልገሳ ካርቶን የመጣለትን ይደረድራል፤ የአንዱ ተከታታይ ሦስተኛ ቅጽ፣ የሌላው ሰባተኛ፣ አንደኛው ቅጽ የማይገኝ። ሁለቱም ልጁን ድግግሞሽ ያሳጡታል።

ስለዚህ መሠራት ያለበት ሙከራ ግልጽ ነው። ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ምድቦች እኩል ብዛት ያለው ቃል ያንብቡ፤ አንዱ ከአንድ ተከታታይ ልብ ወለድ ከአንደኛው ቅጽ ጀምሮ፣ ሌላው ከተለያዩ አጫጭር ጽሑፎች። ሽፋኑም በመጀመሪያው ገጽ ብቻ ሳይሆን በየቅጹ መጨረሻ ይለካ፤ የቃላቱም ፈተና ከሦስት ወር በኋላ ይደገም።