እንዶድ፦ ከልብስ አጣቢ እናቶች እስከ ቤተ ሙከራ

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የሚለው አባባል ለእንዶድ የተነገረ ይመስላል። በደጋና በወይና ደጋ አካባቢ አጥር ላይ ተንጠላጥሎ የሚያድገው ይህ ተክል በኦሮምኛ «ሃንዶዴ»፣ በትግርኛ «ሽብቲ» ተብሎ የሚጠራ ሲሆን፣ የፋብሪካ ሳሙና በገጠር ገበያ እንደ ልብ ከመገኘቱ በፊት የብዙውን ቤተሰብ ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረ ነው። እናቶች ፍሬውን ሳይቀላ ለቅመው ያደርቁታል፤ ከዚያም ወቅጠው በውኃ በመዘፍዘፍ በአረፋው ልብስ ያጥቡበታል።

እንዶድ በሳይንሱ «ፋይቶላካ» ከሚባለው የዕፅዋት ወገን የሚመደብ ነው። የዚህ ወገን ዝርያዎች በአፍሪካ፣ በእስያና በአሜሪካ የሚገኙ ሲሆን፣ በየሀገሩ ለባህል ሕክምና ውለዋል። በሀገራችንም እንዶድ ለቆዳ በሽታ፣ ለጨብጥና ለሆድ ትላትል፣ እንዲሁም ከከብት ጉሮሮ አልቅት ለማስወጣት ሲያገለግል ቆይቷል። ይሁን እንጂ ተክሉ መርዛማ ነው። በተለይ ጽንስ ለማስወረድ ሲባል ሥሩንና ፍሬውን የሚወስዱ ሴቶች ለከባድ ጉዳት፣ አልፎም ለሞት የሚዳረጉ በመሆኑ፣ ማንም ሰው ያለ ሐኪም ምክር ሊወስደው አይገባም።

እንዶድን ከአጥር አውጥቶ በዓለም ያሳወቀው በአድዋ የታየ አንድ ክስተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ወደ ስፍራው ያመራሉ። በዚያም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው ያገኛሉ። ነገሩን በቤተ ሙከራ ሲያረጋግጡም ገዳዩ እንዶድ ሆኖ ተገኘ።

ምሥጢሩ በፍሬው ውስጥ ያለው «ሳፖኒን» የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ሳፖኒን አንዱ ወገኑ ውኃን፣ ሌላው ወገኑ ቅባትን ስለሚወድ እንደ ሳሙና አረፋ ይሠራል፤ እድፍም ያስለቅቃል። በዚሁ ጠባዩ የቀንድ አውጣን የሰውነት ሕዋሳት ሽፋን አፍርሶ ይገድላል። ለዓሣም እንዲሁ አደገኛ ነው። በአሜሪካ የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ኬሚስቶች ከፍሬው ለይተው ያወጡት ዋነኛ ሳፖኒን ለተመራማሪው ክብር «ለማቶክሲን» ተብሏል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን አብዛኛው ኃይሉ የታሰረ ሲሆን፣ ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ሲዘፈዘፍ የራሱ ኤንዛይም ከሳፖኒኑ ላይ የተወሰነውን ስኳር ቆርጦ ኃይለኛ ያደርገዋል። በሌላ አነጋገር፣ እናቶች በሙቀጫና በእንስራ የሚሠሩት ሥራ ራሱ ኬሚስትሪ ነበር። ፍሬው ሳይቀላ መለቀሙም ትክክል ነበር፤ ኃይሉ ይበልጥ የሚገኘው በጥሬው ፍሬ ነውና።

እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ወንዞች በእንዶድ በተካሄደው ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የነበረው የቢልሃርዝያ ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዷል። ሆኖም ውጤቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት እንዲያገኝ የመርዛማነት ምርመራው በውጭ ቤተ ሙከራዎች ጭምር መሠራት ስለነበረበት ብዙ ዓመታት ባክነዋል። በዚህ መሐል ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን አወዳድረው «ዓይነት 44» የተባለውን ምርጥ ዘር ለይተዋል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» በመባል የሚታወቀውን ሽልማት በጋራ ተቀብለዋል።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ደግሞ እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቱቦ የሚደፍኑ ባለ ዛጎል እንስሳትን እንደሚገድል ታወቀ። በዚህ አጠቃቀም ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት የተሰጠው ለአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ዕውቀቱን ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት እናቶች ምን አገኙ? የሚለው ጥያቄም በዓለም መድረክ መከራከሪያ ሆነ።

ዛሬ ሀገራችን የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትንና የማኅበረሰብ መብቶችን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አላት። አዋጁ ማኅበረሰቡ ዕውቀቱ ጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት እንዲጠየቅና ከሚገኘው ጥቅም እንዲካፈል መብት ይሰጣል። ነገር ግን ያልተመዘገበ ዕውቀት፣ የተመነጠረም ተክል ጠበቃ የለውም። በመሆኑም የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት በአጥራቸው ላይ ያለውን እንዶድ ሳይመነጥሩ እንዲጠብቁ፣ አረጋውያን እናቶች የሚያውቁትንም በጽሑፍ እንዲያስቀሩ፣ የወረዳ ግብርና ባለሙያዎችና የሥራ ኃላፊዎችም በዚህ ረገድ እንዲያግዟቸው ያስፈልጋል። የአድዋ እናቶች ስም በየትኛውም የባለቤትነት ሰነድ ላይ አልሰፈረም፤ የሚቀጥለው ትውልድ ዕውቀት ግን በስሙ ሊመዘገብለት ይገባል።