ከቦምባይ ወደብ እስከ መቅደላ አምባ



የመቅደላ ነገር ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው እንግሊዝን ነው። ትእዛዙ በእርግጥ የመጣው ከለንደን ነው። ጦሩ የተሰናዳውና የተጫነው ግን በአብዛኛው ከህንዷ ወደብ ከቦምባይ ነበር፤ ጄኔራል ናፒየርም የቦምባይ ጦር አዛዥ ነበር። ከ280 በላይ መርከቦች፣ 13 ሺህ ያህል ወታደር፣ የዚያ እጥፍ የሚሆን ጓዝ ተሸካሚና አገልጋይ፣ 44 ዝሆኖችም ባሕሩን ተሻገሩ። ከምጽዋ በስተደቡብ ካለችው ዙላ ጀምሮ የባቡር ሐዲድ ሳይቀር ዘረጉ። ከዚያ እኛ ዛሬ ደቡብ ወሎ የምንለው አገር እስኪደርሱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዙ።

ይህን ታሪክ በቅርብ እንድከታተል ያደረገኝ የአጎቴ ሕመም ነው። ባለፈው ዓመት ለልብ ሕክምና ወደ ሙምባይ ሲሄዱ (የዛሬዋ ሙምባይ የድሮዋ ቦምባይ ናት) አክስቴና እኔ አብረናቸው ነበርን። የምርመራው ውጤት እስኪደርስ አንድ ቀን ትርፍ ስላገኘን አስጎብኚ ቀጠርን። ደረሰኝ ስጠይቀው ሳቀብኝ፤ ሂሳብ ሠራተኛ መሆኔን ከየት ይወቅ!

መጀመሪያ ያሳየን የህንድ በር የሚባለውን ትልቅ የድንጋይ ቅስት ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ እ.ኤ.አ. በ1911 ወደ ህንድ ለመምጣታቸው መታሰቢያ ታስቦ በ1924 የተጠናቀቀ ነው። ከፊት ለፊቱ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ኤሌፋንታ ደሴት ደረስን። ከአለት የተፈለፈለ ዋሻ፣ በውስጡም ባለሦስት ፊት ግዙፍ የአምላካቸው የሺቫ ምስል አለ። አጎቴ ደክሟቸው ጥላ ሥር ቀሩ። አክስቴ ግን ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ «ይኼንንስ እንደ ላሊበላ በመሮ ነው የሠሩት» አሉ።

በመመለሻችን ስለ መቅደላ መርከቦች አስጎብኚውን ጠየቅሁት። ሰምቶ አያውቅም። ከሐበሻ አገር መምጣታችንን ሲሰማ ግን «ሐብሺ! የሲዲዎች ዘመዶች!» ብሎ ሌላ ወሬ ጀመረ። ሲዲዎች ከምሥራቅ አፍሪካና ከእኛው ቀንድ በባርነት፣ በወታደርነትና በመርከበኝነት ወደ ህንድ የሄዱ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ከሙምባይ በስተደቡብ ጃንጂራ የምትባል የደሴት ምሽግ ይዘው እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ድረስ ገዝተዋል። አለቃቸው ሲዲ ያቁት ካን እ.ኤ.አ. በ1689 ቦምባይን ወርሮ እንግሊዞችን በምሽጋቸው ውስጥ ዘጋባቸው። እንግሊዞቹ የተገላገሉት ለሙጋሉ ንጉሥ 150 ሺህ ሩፒ ካሣ ከፍለው ነው። ከቦምባይ የተነሣ ጦር መቅደላ ሳይደርስ 179 ዓመት ያህል ቀድሞ፣ ሐበሾች ቦምባይ ገብተው ነበር ማለት ነው።

የመቅደላው ዘመቻ ሂሳብ ለብቻው ያስገርማል። ፓርላማው መጀመሪያ የፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ወጪው ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ። በኋላ መርማሪ ኮሚቴ አቋቁመው የቦምባይን ግዢ መረመሩ። በእኛ ማኅበር እንዲህ ያለ ብልጫ ቢገኝ ጠቅላላ ጉባኤው በአንድ ቀን የሚበተን አይመስለኝም። ከአምባው የተዘረፈውን ቅርስና መጽሐፍ ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈለገ። ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጠውት ለእያንዳንዱ ወታደር የደረሰው ከ4 ጠገራ ብር እምብዛም አይበልጥም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ የማልረሳው ሁለት እናቶችን ነው። አንደኛዋ የወሎዋ ንግሥት ወርቂት ናቸው። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጡ ወርቂት ተቀብለው አሳለፏቸው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በዚህ ተቆጥተው አምባው ላይ ታስሮ የነበረውን ልጃቸውን አስገደሉት። ሁለተኛዋ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ የሰባት ዓመት ልጃቸውን ዓለማየሁን ይዘው ተጓዙ። ባሕሩን ግን አላዩም፤ ትግራይ ውስጥ በመንገድ ላይ አረፉ።

ልጁን እንዲያሳድግ የተሰጠው አማርኛ የሚናገረው ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ የእኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ የሚሉት። ስፒዲ በፖሊስነት ሲሾም ዓለማየሁን ይዞ ከነሚስቱ መጀመሪያ ወደ ህንድ፣ ቀጥሎም ፔናንግ ወደምትባል የእስያ ወደብ ሄደ። ልጁ አንዴ እናት አባቱን አጥቷል፤ በባሻ ፈለቀ ቤት ግን ቤተሰብ አግኝቶ ነበር። ወጪውን የሚሸፍነው የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ነበርና ሹሙ ሮበርት ሎው ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ትምህርት ቤት እንዲገባ ወሰነ። ንግሥት ቪክቶሪያ እንኳ በነገሩ ደስተኛ አልነበሩም። ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። እ.ኤ.አ. በ2023 አጽሙ እንዲመለስ ዘመዶቹ ያቀረቡትን ጥያቄ የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት፣ አጠገቡ ያረፉትን ሌሎች ሰዎች ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ አልተቀበለውም።