ትንፋሽ ያጠረው ሞተር፦ ከፓይክስ ተራራ እስከ ቡሬ

ፍኖተ ሰላም፣ በአንድ ወቅት ሒሳብ ካስተማሩኝ መምህር ቤት፣ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የበርበሬ ንግድ ይዘዋል። ከጨረታ የገዟት አሮጌ ላንድክሩዘር አለቻቸው። ጠዋት የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ ቀጥሎ በርበሬ ተጭኖባት በመንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ ትወጣለች፤ በወር አንዴ ሁለቴ ደግሞ ዓባይን ተሻግራ አዲስ አበባ ትገባለች። የቤቱ እንጀራ በእሷ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

“መካኒኩ ቱርቦ ላግባላት ይለኛል” አሉኝ ስኒያቸውን አስቀምጠው። “ያገለገለ፣ ግን ደህና የሆነ አግኝቻለሁ፤ ዓባይ ዳገት ላይ ማንም አይቀድምዎትም አለኝ። ገንዘቡ አለ። ግን ለልጅቱ የኮሌጅ ክፍያ ያስቀመጥኩት ነው። አንተ ልጅ የቆየ ነገር ታገላብጣለህና እስቲ ንገረኝ፤ ላስገባ ወይስ ልተወው?”

የቆየ ነገር የሚያገላብጥ ሰው ስለ ሞተር ሲጠየቅ መደንገጡ አይቀርም። ያን ዕለት ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠኋቸውም። አዲስ አበባ ተመልሼ ነገሩን ስመረምር ግን ጥያቄያቸው የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የታሪክም ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ይህ ቱርቦ የሚባል ዕቃ መጀመሪያ ለምን ተሠራ? ለእሽቅድምድም ነው ወይስ ለሌላ? መልሱን ለጋሼ በደብዳቤ ጻፍኩላቸው፤ ለአንባቢም ይጠቅም ይሆናል በማለት እነሆ አስፍቼ አቅርቤዋለሁ። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግመሎቹና ካሚዮኖቹ

በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በሱዳን ጠረፍ በኩል ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ በእንግሊዛዊው ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ስንቁንና ጥይቱን ያስጫነው በግመል ነበር። ከጠረፉ ወደ ጎጃም ደጋ የሚያወጣ ደህና የመኪና መንገድ አልነበረምና። ቁጥራቸው 15,000 ያህል እንደነበረ የሚነገርላቸው እነዚያ ግመሎች የቆላ ፍጥረቶች ናቸው። ዳገቱ፣ የደጋው ብርድና የመኖ እጦት አንድ ላይ ሆነው ፈጇቸው። በየካቲት መጨረሻ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ሲወጣ፣ ጦሩም በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ሲገሰግስ፣ ያለፈበትን መንገድ በሞቱ ግመሎች ሽታ መለየት ይቻል ነበር ይባላል።

ከቆላ የመጣ ሁሉ ደጋ ሲወጣ ይፈተናል። ሞተርም እንደዚያው ነው። ናፍጣም ሆነ ቤንዚን ብቻውን አይነድም፤ አየር ይፈልጋል። አየር ደግሞ ከፍ በተባለ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ሩብ ያህል ይጎድላል። መሐንዲሶች በደፈናው ሲያሰሉት፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። እንግዲህ ፋብሪካው “የመቶ ፈረስ ጉልበት አለው” ብሎ የጻፈለት ሞተር ቡሬ ሲደርስ የሰማንያ ፈረስ ሞተር ሆኗል ማለት ነው። ሃያዎቹ ፈረሶች እንደ ግመሎቹ ዳገቱ ላይ ቀርተዋል።

የዓባይን በረሃ በመኪና ያቋረጠ ሰው ይህን በገዛ እግሩ፣ ነዳጅ መስጫው ላይ ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ሲወርዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ይባላል፤ ሞተሩ ሙቀቱን እንጂ አየሩን አይጠላውም። ከድልድዩ ማዶ ወደ ደጀን መውጣት ሲጀመር ግን ያቺው መኪና ትንፋሿ እያጠረ፣ ማርሽ እየቀነሰች፣ ጥቁር ጭስ እየተፋች ትሄዳለች። ጭሱ በከንቱ የሚነድ ገንዘብ ነው። ፖምፓው ለጠረፍ አየር የተለካውን ናፍጣ ያህል ይሰጣል፤ አየሩ ግን ያን ያህል የለም፤ ያልነደደው በጭስ ማውጫው ይወጣል።

ኤን ትሬ ያለ ቱርቦ

ታዲያ አባቶቻችን ያለ ቱርቦ እንዴት ኖሩ? መልሱ ፊያት 682 ነው። ይህ ካሚዮን ከ1952 እስከ 1988 ሲሠራ ቆየ። “ኤን ትሬ” እያልን የምንጠራው ዓይነቱ በአገራችን መንገድ ላይ ስሙን ያተረፈ ነው፤ ጣሊያኖችም 682ን “የአፍሪካ ንጉሥ” ይሉታል። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ከአሥር ሊትር ተኩል በላይ የሚይዝ ሆደ ሰፊ ነው። ቱርቦ የለውም። የጎደለውን አየር በሆዱ ስፋት ያካክሰዋል፤ በዝግታ ይዞራል፤ አይጣደፍም። ተሳቢ አስከትሎ ደጀን ዳገትን በአንደኛ ማርሽ ሲያያዘው ረዳቱ ታኮ ይዞ በጎኑ በእግሩ ይከተለው ነበር። ዘገየ እንጂ ቀረ አልተባለም።

በጋራዥ የምንሰማቸው ቃሎች ራሳቸው የዚያ ዘመን ምስክር ናቸው። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፤ ሁሉም ከጣሊያን አፍ የተወረሱ ናቸው። ቱርቦ ግን ከእነዚህ ጋር አብሮ የገባ ቃል አይደለም። ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ጠባዩ እስኪታወቅ ድረስ ይጠናል።

ተራራ ላይ የተመሰከረለት

የቱርቦ አባት የሚባለው አልፍሬድ ቡኺ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው። በ1905 የፈጠራ መብት ሲያወጣ ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ በጭስ ማውጫ በከንቱ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዲት መዘውር ያሽከርክር፣ በዚያው ዘንግ ጫፍ ያለች ሌላ መዘውር ደግሞ ንጹሕ አየር አምቃ ለሞተሩ ታጉርሰው። ሐሳቡ ሥራ ላይ እስኪውል ሃያ ዓመት ፈጀ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ሁለት የጀርመን መርከቦች ሞተሮች በቱርቦ ጉልበታቸው ከ1,750 ወደ 2,500 ፈረስ ከፍ አለ።

ለእኛ ለደገኞች የሚበልጠው ታሪክ ግን የተፈጸመው ባሕር ላይ ሳይሆን ተራራ ላይ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ከፍ ሲሉ ጉልበት እያጡ አስቸገሩ። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በ1918 ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው የፓይክስ ተራራ አናት አወጣው። ሞተሩ ከታች ሜዳው ላይ 350 ፈረስ ይሰጥ ነበር። ተራራው ላይ ያለ ቱርቦ ሲፈተን 230 ሆነ። ቱርቦ ሲገባለት 356 ሰጠ።

አንባቢ ይህን ቁጥር ልብ ይበልልኝ። ከ350 ወደ 356! ሞስ ሞተሩን ከተፈጥሮው በላይ አላስፈነጠዘውም፤ ዳገቱ የቀማውን መለሰለት እንጂ። የእሽቅድምድም ነገር ኋላ የመጣ ነው። ቱርቦ ስሙን ከተከለባቸው የመጀመሪያ ፈተናዎች አንዱ ከፍታ ላይ የወጣን ሞተር ትንፋሽ መመለስ ነበር። ይህ የእኛው ጉዳይ ነው።

ለዘወትር መኪና ሲሆን

ካሚዮኖች ቱርቦን ቀድመው ለመዱት፤ የስዊሱ ሳውረር በ1938 ጀመረ። የቤት መኪና ግን እስከ 1962 ቆየ። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሼቭሮሌ ኮርቬርና ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የተባሉ ሁለት መኪናዎች ቱርቦ ይዘው ወጡ። የጄትፋየር ዕጣ ለጋሼ ጥያቄ ጥሩ ትምህርት አለው። ሠሪዎቹ የሞተሩን የእመቃ መጠን ሳይቀንሱ ቱርቦ ጨመሩበት። ሞተሩ እንዳይጎዳ ውኃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ በልዩ ዕቃ እየተሞላ እንዲረጭለት አደረጉ። ባለመኪናው ግን ጠዋት ሥራ ማታ ቤት የሚል ሰው ነው፤ ፈሳሹን መሙላት ይረሳል፤ ሲያልቅ መኪናው ጉልበቱን ይቀንሳል። በ1965 ኩባንያው ራሱ ቱርቦውን እያወጣ በተራ ካርቡራተር ይተካላቸው ጀመር። ዕቃው መጥፎ ስለነበረ አይደለም፤ የዘወትር ሰው የማይሰጠውን እንክብካቤ ስለሚጠይቅ ነበር።

ስዊድኖች ከዚህ የተማሩ ይመስላሉ። ሳብ በ1977 ባሳየው 99 ቱርቦ ላይ ትንሽ መዘውር መረጠ፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ጭሱን በሌላ በኩል የሚያስተነፍስ በርም አበጀለት። በ1978 መርሴዲስ 300 ኤስዲ የተባለውን ባለ ቱርቦ የናፍጣ የቤት መኪና አወጣ። ከዚያ ወዲህ ቱርቦና ናፍጣ ተጋብተው ቀሩ። ዛሬ በጎጃም መንገድ የምናያቸው አዳዲሶቹ ፒካፖችና ሚኒባሶች አብዛኞቹ ከፋብሪካቸው ቱርቦ ይዘው የመጡ ናቸው።

የጋሼ ላንድክሩዘር

እንግዲህ ወደ ፍኖተ ሰላም እንመለስ። የጋሼ መኪና ሞተር 1ኤችዜድ የሚባለው ነው። ከ1990 ጀምሮ የሚሠራ፣ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው። በጠባዩ የኤን ትሬ ታናሽ ወንድም ነው። ቶዮታ በዚያው ጊዜ 1ኤችዲ-ቲ የሚባል ባለ ቱርቦ ወንድሙን ሠርቷል። ሁለቱን ማነጻጸር ብዙ ያስተምራል። ቶዮታ ቱርቦ ሲያስብ ቱርቦውን ብቻ ቀጥሎ አልተወውም፤ የእመቃውን መጠን ከ22 በላይ ከነበረበት ወደ 18.6 ዝቅ አደረገው፤ የናፍጣውን አረጫጨት ለወጠው፤ ፒስተኖቹንም በዘይት እንዲቀዘቅዙ አደረገ። ጋራዥ ውስጥ በ1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ የሚገጥም ሰው ከእነዚህ አንዱንም አይለውጥም። የሚጨምረው ሙቀት የሚያርፈው ለዚያ ባልተዘጋጀ ቴስታታና ፒስተን ላይ ነው።

ይህ ማለት ግን ፈጽሞ አይቻልም ማለት አይደለም። ብዙዎች ገጥመው ለዓመታት ነድተዋል። ልዩነቱ በመጠን ላይ ነው። ቡሬ ወይም አዲስ አበባ ላይ ዳገቱ የቀማንን ለማስመለስ የሚያስፈልገው ግፊት ሩብ ባር ያህል ብቻ ነው። ለዘወትር ሥራ ለሚነዳ ሰው ከዚያ ብዙም አለመራቅ ይበጃል። የታመቀው አየር ይሞቃልና ማቀዝቀዣ ይኑረው። የጭሱን ሙቀትና የአየሩን ግፊት የሚያሳዩ ሰዓቶች ዳሽቦርዱ ላይ ይግቡ። ፖምፓውን ከፍቶ ናፍጣ መጨመር ግን ቱርቦ ካስገባ ሰው ሁሉ ፊት የተቀመጠ ፈተና ነው፤ ጥይት የሚያስመስላት እሱ ነው፣ ሞተሩን የሚያቀልጠውም እሱው ነው።

ከፍታው ራሱም ሌላ ነገር ያመጣል። የሳሳ አየርን ለማመቅ መዘውሯ ከጠረፉ ይልቅ ፈጥና መሽከርከር አለባት። በደህናው ጊዜ እንኳ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ የምትዞር ናት፤ የምትንሳፈፈውም በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ከቆሸሸ አለቀላት። የገጠሩን መንገድ አቧራ ፊልትሮው ካሳለፈው ቅጠሎቿ ይበላሉ። ዳገት ወጥተው ሞተሩን ወዲያው ካጠፉት ዘይቱ ዘንጉ ላይ ይነዳል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ባለበት ማስነሳት ይገባል። ነባር ሹፌሮች ደጀን ሲደርሱ ሞተር ሳያጠፉ ወርደው ጎማ የሚመቱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ ሞተሩ ጤነኛ ነው? ያረጀ ሞተር ላይ ቱርቦ መጨመር ለታመመ ሰው ኩንታል ማሸከም ነው። ስለዚህ ለጋሼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “አስቀድመው የሲሊንደሮቹን ግፊት ያስለኩ። የአየር ፊልትሮ ይለውጡ። ኖዝሎቹን ያስፈትሹ፣ ፖምፓውንም ለደጋ አየር ያስተካክሉ። ከዚያ በኋላ ትንፋሽ ካነሳት እንነጋገራለን። በእርግጥ ባለ ቱርቦ መኪና የሚያስፈልግዎ ከሆነ ደግሞ ከፋብሪካው ከነቱርቦው የተወለደ ይሻላል።”

ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ደወሉልኝ። ሁለት ሲሊንደሮች ከሌሎቹ ደክመው ተገኝተዋል። ቱርቦው ቀርቷል። ኖዝሎቹ ተለውጠው ፖምፓው ሲስተካከል ጥቁሩ ጭስ ቀንሷል፤ ናፍጣም እንደ ድሮው አትጠጣም። ያወጡት ገንዘብ ለቱርቦው ከታሰበው ጥቂቱ ነው።

“ዓባይ ዳገት ላይስ?” አልኳቸው።

“ዓባይ ላይማ ሁሉም ይቀድመኛል” አሉ እየሳቁ። “እኔ ግን ኤን ትሬ እየተከተልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። ልጅቱ ተመዝግባለች።”