በከረሜላው ጀርባ ያለው ቁጥርና በጓዳ ያለው ቀለም

በአፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ፣ በታኻና መርካዚት፣ የልጅ ልጅ ይዞ አውቶቡስ የሚጠብቅ አያት ከኪዮስክ ፊት ሳይቆም ማለፍ ይከብደዋል። ልጁ የሚጠቁመው ደማቁን ነው፤ ቀይ ከረሜላ፣ ሰማያዊ አርቲክ፣ ቢጫ መጠጥ። ከጀርባው ያለው ዕብራይስጥ ደቃቅ ነው፤ ዓይን ቢያየውም ቋንቋው ያስቸግራል። ቀለሙን ለማወቅ ግን ብዙ ጊዜ ቁጥር መለየት ይበቃል።

በማሸጊያው ላይ የምግብ ቀለም፣ በዕብራይስጥ «ጼቫ ማአኻል»፣ ከተባለው ጎን «ኢ» የሚባል የላቲን ፊደልና ሦስት አኃዝ ይገኛል። ፊደሉ ሦስት ጥርስ ያለው ማበጠሪያ ይመስላል። 102፣ 104 እና 110 ቢጫና ብርቱካናማ፣ 122፣ 124 እና 129 ደግሞ ቀይ ሰው ሠራሽ ቀለሞች ናቸው። አንዳንድ ፋብሪካ በቁጥሩ ፋንታ ስሙን ብቻ ይጽፋል፤ ያን ጊዜ ዕብራይስጥ የሚያነብ ሰው መጠየቅ ነው።

እነዚህ ስድስቱ በይበልጥ የታወቁት የእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ነው። ወደ 300 የሚጠጉ ልጆች ቀለምና ሶዲየም ቤንዞኤት የተባለ ማቆያ ያለበት መጠጥ ሲሰጣቸው አንዳንዶቹ ይበልጥ ተቅበጠበጡ። በሁሉም ልጅ ላይ እኩል አልታየም፤ ከቀለሙና ከማቆያው የትኛው እንዳደረገውም አልተለየም። የአውሮፓ ኅብረት ግን ከ2010 አጋማሽ ጀምሮ ስድስቱ ባሉበት ምግብ ላይ የልጆችን ትኩረት ሊነካ እንደሚችል እንዲጻፍ አዟል። በእስራኤል ከ2020 ወዲህ የሚታየው ክብ ቀይ ምልክት የሚናገረው ስለ ስኳር፣ ስለ ጨውና ስለ ጎጂ ስብ ብቻ ነው። ስለ ቀለም ምንም አይልም።

ከዕፅዋት የሚገኙትም ቀለሞች ቁጥር አላቸው። 100 የአልጫው እርድ ነው። 162 ቀይ ሥር፣ 160 ላይ አንድ ፊደል ሲጨመርበት እንደ ፊደሉ የካሮት ወይም የፓፕሪካ ዓይነት ቀለም ይሆናል። 120 ግን ይለያል፤ ተፈጥሯዊ ቢሆንም የሚወጣው ቁልቋል ላይ ከሚኖሩ ትንንሽ ነፍሳት ስለሆነ አብዛኞቹ የካሽሩት ባለሥልጣናት አይፈቅዱትም።

በቤት ለሚሠራ ኬክ ወይም እርጎ ቀይ ሥር ተፍቆ በንጹሕ ጨርቅ ይጨመቃል፤ ጥቂት ጠብታ ሮዝ ያደርጋል። ሙቀት ስለሚያደበዝዘው የሚጨመረው ምግቡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። እርድ እሳት ይችላል፤ ለሩዝና ለዳቦ ቁንጥር ይበቃል፣ ሲበዛ ይመርራል። ሊጥ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ ካለ ቢጫው ወደ ቀይ ስለሚያደላ ባለሙያዋ መደንገጥ የለባትም። ልጆች በጣም የሚወዱት ግን የቀይ ጥቅል ጎመን ነው። የተቀቀለበት ውኃ ወይን ጠጅ ነው፤ ሎሚ ሲንጠባጠብበት ሮዝ፣ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል። ሶዳው ከበዛ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፤ ጣዕሙም ይበላሻል።

እነዚህ ቀለሞች የኪዮስኩን ያህል አይደምቁም፤ በብርሃንም ይደበዝዛሉ። በቀይ ሥር የተቀባ ስኳር ደግሞ ያው ስኳር ነው፤ ጥርስ መበስበሱ አይቀርም። ለአውቶቡስ መንገድ በቦርሳ የሚያዝ የተላጠ ካሮት ወይም ብርቱካን ቀለሙን ራሱ ይዞ ይመጣል፤ ጀርባው ላይ የሚነበብ ቁጥር የለውም።