ባሕር ዛፍና የአራዳ ውሃ

የአዲስ አበባን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት ብዙውን ጊዜ ከቤተ መንግሥቱና ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይነሣሉ፤ ከማገዶና ከውሃ የሚነሣ ግን ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ከተማይቱ በቦታዋ እንድትጸና ወይም እንድትፈልስ ሊያደርጉ የተቃረቡት እነዚህ ሁለቱ ነበሩ።

ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ የሕዝቡ ቍጥር እየበዛ ሲሄድ፥ በዙሪያዋ የነበረው የጽድና የወይራ ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ ተመናመነ። ዛሬ ፒያሳ በምንለው ሰፈር በነበረው የአራዳ ገበያ፥ እንጨት ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ ሆነ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፥ ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ያም ሕንፃ በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከተማይቱን ከመፍለስ ያዳናት በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ከብት አይበላውም፤ ሲቈርጡትም ከጕቶው መልሶ ያቈጠቍጣል። ስለዚህ መኳንንቱም ድኻውም በየግቢው ተከለው።

ነገር ግን ይህ ባለውለታ ዛፍ ብዙ ውሃ ይጠጣል። ለቤተ መንግሥቱ አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ በቧንቧ ውሃ አውርዶለት ነበር፤ ሌላው ሰው ግን ከእንጦጦ ግርጌ ከሚወርዱት ጅረቶችና ምንጮች በእንስራ ይቀዳ ነበር። እንግዲህ ምንጩ ሲሳሳ የሚጐዳው ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። በ1905 ዓ.ም. ገደማም ዛፉ ምንጮችንና ወንዞችን ያደርቃል ተብሎ፥ ከሦስት እጅ ሁለቱ እንዲነቀልና በምትኩ ቅጠሉ ለሐር ትል ምግብ የሚሆን ዛፍ እንዲተከል ታዘዘ።

ትእዛዙ በሥራ ላይ የዋለው በጥቂቱ ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት የትእዛዙ ዐይን የቀና ነበር፤ እጁ ግን ሳተ። የሐር ትል ቅጠል እንጀራ አይጋገርበትም፤ የጭቃ ቤት ማገርም አይሆንም። ከምንጭ አፍና ከወንዝ ዳር ያለውን ዛፍ በደረቅ ገደል ላይ ከበቀለው ሳይለዩ ሦስት እጁን በሁለት መቍረጥም፥ ውሃውን ከመጠበቅ ይልቅ ባለ ዛፉን መቅጣት ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አልነበረም። ደቡብ አፍሪካ በ1964 ዓ.ም. ደን ለንግድ የሚተክል ሁሉ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅ ደነገገች፤ በ1990 ዓ.ም. ባወጣችው የውሃ ሕግ ደግሞ የወንዝን ፍሰት የሚቀንስ የደን ተክል፥ እንደ መስኖና እንደ ማዕድን ሥራ ሁሉ፥ ውሃ ተጠቃሚ ሆኖ እንዲቈጠር አደረገች። በዚያ ሕግ ዛፉ አይነቀልም፤ የሚጠጣው ይታሰብበታል እንጂ።

አዲስ አበባ ግን መፍትሔውን በሩቅ ፈለገች። በ1936 ዓ.ም. ገደማ የገፈርሳ ግድብ፥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የለገዳዲ ግድብ ተሠራ። ቧንቧ በየሰፈሩ ሲገባ የአራዳ ሰው ምንጩን ረሳ፤ የእንጦጦ እናቶች ግን የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ቍልቍለቱን መውረዳቸውን አላቋረጡም። በተራራው ላይ ባሕር ዛፉን እያነሡ ጽድና ኮሶ መልሶ የመትከል ሥራ የተጀመረው በ1980ዎቹ ነው።