በግቤ ላይ የተጋደሙ ሁለት ግንዶች

ከሆሳዕና ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ከአንድ ጥልቅ ሸለቆ አፋፍ ይደርሳል። ከሥሩ የሚፈሰው ወንዝ በላይ ግቤ፣ በታች ኦሞ እየተባለ የሐድያን ምድር ከየም አገር ይለያል። የቀድሞ ሰዎች ይህን ውሃ በምን ይሻገሩት እንደ ነበረ ከአንድ የመልእክት ጉዞ ታሪክ እንረዳለን።

በ1605 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ ፍቁረ እግዚእ የተባለውን መልእክተኛ ከኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ከአንቶንዮ ፈርናንዴዝ ጋር ወደ ደቡብ ላኩ። አሳባቸው መልእክተኞቹ በእናርያ፣ በየምና በከምባታ አልፈው በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ካለችው ከማሊንዲ እንዲደርሱ፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ እንዲሻገሩ ነበር። የጉዞውን ታሪክ ማኑኤል ደ አልሜይዳ ጽፎታል።

ከእናርያ ወደ የም ሲገቡ ግቤን ከዓባይ ይልቅ ኃይለኛ ሆኖ አገኙት። በመካከሉ ግን ታላቅ አለት ነበረና ከአንዱ ዳር እስከ አለቱ አንድ ግንድ፣ ከአለቱም እስከ ማዶ ሌላ ግንድ ተጋድሞ ነበር። ግንዱ ሲረግጡት ይረግብ ስለ ነበረ የሚታለፈው አንድ በአንድ ነው፤ በቅሎዎቹም ሌላ መሻገሪያ እስኪገኝላቸው ወዲህ ቀሩ።

ከየም ወደ ከምባታ ሲያልፉ ግቤን እንደገና ተሻገሩ፤ በዚያ ግን ድልድይ አልነበረም። ላም ታረደ፤ ዕቃው በቆዳው ውስጥ ገብቶ ቆዳው በትንፋሽ ተነፋ፤ ሁለት ዘንግም ታሰረበት። መንገደኞቹ ክብደታቸውን አመዛዝነው በግራና በቀኝ ተያያዙ፤ አንድ ዋናተኛ ከፊት በገመድ ሲስብ፣ ሁለት ከኋላ እየዋኙ ገፉ።

በስዊስ አገር በሉሰርን ከተማ በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠራው የእንጨት ድልድይ እንጨቱ በዝናብ እንዳይበሰብስ ጣራ ለብሷል። የግቤን መሻገሪያ ግን የሚያቆየው አዲስ ግንድ ቆርጦ የሚያጋድም፣ አለቱንና ጅረቱን የሚያውቅ የአገሬው ሰው ነው።

ጉዞውን ያሰናከለውም ውሃው አይደለም። በከምባታ ገዥው ሐመልማል በደኅና ተቀበላቸው፤ በአላባ ግን አሊኮ የተባለው ገዥ የፖርቱጋልን ጦር ሊያመጡ ነው በሚል ጥርጣሬ ያዛቸው፤ ወደ መጡበትም ተመለሱ። ወንዙ ሁለት ጊዜ ያሳለፋቸውን መንገደኞች የሰው ሥጋት ከለከላቸው።

የግቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ውሃው የኦሞን ሸለቆ ረጅም ክፍል ሸፍኗል። የድንጋይ ድልድይ ቢፈርስ ፍርስራሹ ይመሰክራል፤ ለግንድና ለቆዳ መሻገሪያ ግን ምስክሩ የሰው አፍ ነው። ስለዚህ በሐድያ፣ በከምባታና በየም ያሉ ሽማግሌዎች የየመሻገሪያውን ስምና ቦታ ሲነግሩን ሳንዘገይ መጻፍ ይገባናል።